«ግራንድ ጁሪ ጠራኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?»

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዜግነት ከወሰድኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኡበር እየሠራሁ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግሪንቤልት ካለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለግራንድ ጁሪ እንድቀርብ ደብዳቤ መጣልኝ። አንዱ ጓደኛዬ ግራንድ ጁሪ የሚጠራው ክስ ያለበት ሰው ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ሌላው ደግሞ ፈርመህ ስላልተቀበልክ ዝም በል፣ ምንም አያመጡም አለኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለፍርድ ቤት ግን እንጃ። እንዴት ነው እኔን የመረጡኝ? አንድ ዓመት ተኩል ታገለግላለህ የሚባለውስ እውነት ነው? ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ ለእሷም ሮክቪል ካለው የካውንቲ ፍርድ ቤት የጁሪ መጠይቅ መጥቶላታል።»

አልተከሰሱም። ክስ ያለበት ሰው በዚህ መንገድ አይጠራም። ጓደኛዎ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶችን ነው ያደባለቀው። አንደኛው ለእርስዎ የመጣው ነው፤ የጁሪ አባል ለመሆን እንዲቀርቡ የሚጠራ መጥሪያ። ላኪው የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ባርኮድ፣ የተሳታፊ ቁጥር፣ የሚደወልበት ስልክና የሚቀርቡበት ቀን አለበት። ሁለተኛው ለምስክርነት ወይም ሰነድ ለማቅረብ የሚጠራው ትእዛዝ ነው፤ ሰፒና የሚባለው። እሱ በዐቃቤ ሕግ በኩል የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ መርማሪ ራሱ ቤት ድረስ ያመጣዋል። ሦስተኛው ዐቃቤ ሕግ «የምርመራው ዒላማ አንተ ነህ» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከመጣብዎ ለማንም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የመጀመሪያው ከሆነ ግን ጠበቃ አያስፈልግዎትም፤ እስክሪብቶ ነው የሚያስፈልግዎት።

ግራንድ ጁሪ ምን እንደሚሠራ ካልገባ የአመራረጡ ነገርም አይገባም። እኛ አገር ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ በመካከል ተራ ሰው የለም። እዚህ ግን የሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ በፌዴራል ደረጃ ከባድ ወንጀል ሲሆን ዐቃቤ ሕግ ብቻውን እንዳይወስን ይከለክላል። ተከሳሹ ራሱ መብቱን ካልተወ በቀር፣ ማስረጃው ለዜጎች ስብስብ ይቀርባል። ከ16 ያላነሱ፣ ከ23 ያልበለጡ ሰዎች ይቀመጣሉ። ክስ እንዲመሠረት ቢያንስ 12ቱ መስማማት አለባቸው። የሚጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ወንጀሉን ፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ወይ? ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም የሚለው የሌላ ጁሪ ሥራ ነው፤ ያ በፊልም የምናየው፣ ዳኛው ከላይ ተቀምጦ ጠበቆች የሚፋጩበት ችሎት። ግራንድ ጁሪ ክፍል ውስጥ ዳኛ አይቀመጥም። የተጠርጣሪው ጠበቃም አይገባም። ዐቃቤ ሕጉ፣ ምስክሩ፣ ቃል የሚቀዳው ሠራተኛ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ ይገኛሉ። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ደግሞ እነሱም ይወጣሉ።

የድሮውን አውጫጭኝ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም። ከብት ተዘርፎ ወይም ሰው ተገድሎ ጥፋተኛው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ፍንጭ እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እንግሊዝ ውስጥም በ1166 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ ተመሳሳይ ነገር አዘዘ። ከየአካባቢው 12 ሰዎች በመሐላ እየቀረቡ በወንጀል የሚጠረጠረውን ሰው ስም እንዲናገሩ። ያ ነው ተሻሽሎ ተሻሽሎ አሜሪካ የደረሰው። እንግሊዞቹ ራሳቸው በ1933 ትተውታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አውጫጭኝ የአገሩን ሰው በሙሉ ይጠራ ነበር፣ ግራንድ ጁሪ ግን ጥቂቶችን በዕጣ ይጠራል። የእርስዎ ጥያቄም ያለው እዚያው ዕጣው ላይ ነው።

ማን መረጠኝ ለሚለው፣ መልሱ ማንም አልመረጠዎትም ነው። ስምዎን አይቶ «ይሄን ሐበሻ እንጥራው» ያለ ሰው የለም። በ1968 የወጣው የፌዴራል የጁሪ አመራረጥ ሕግ እያንዳንዱ የፌዴራል ፍርድ ቤት የጽሑፍ ዕቅድ እንዲኖረው ያዛል። መነሻው የመራጮች መዝገብ ነው። ብዙ ፍርድ ቤቶች መዝገቡ ያላቀፋቸውን ሰዎች ለማግኘት የመንጃ ፈቃድና የመታወቂያ ዝርዝር ይጨምሩበታል። ከዚያ ኮምፒዩተር ያለ ምንም ምርጫ ስም እያወጣ አንድ ትልቅ ቋት ይሞላል። ቋቱ ውስጥ የሚገባው ስም በመርሕ ደረጃ ከጠቅላላው ዝርዝር ከግማሽ በመቶ ማነስ የለበትም። በየአራት ዓመቱ ቢበዛ ተራግፎ እንደገና ይሞላል። እርስዎ ቃለ መሐላ በፈጸሙ ቀን፣ ባንዲራዋን ይዘው ከአዳራሹ ሳይወጡ የመራጭነት ቅጽ ሞልተው ከሆነ፣ የገቡት ያኔ ነው። በነገራችን ላይ ለዜግነት ፈተና ካጠኗቸው 100 ጥያቄዎች አንዱ የዜጎች ብቻ የሆነ ኃላፊነት ጥቀስ የሚል ነበር። መልሱ በጁሪነት ማገልገል ወይም በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም እንሸመድደዋለን፤ ደብዳቤው ሲመጣ ነው የምንደነግጠው።

ከትልቁ ቋት የወጡት ሰዎች መጠይቅ ይላክላቸዋል። በ10 ቀን ውስጥ ሞልቶ መመለስ ነው፤ አሁን ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔትም ይቀበላሉ። መልሱ ታይቶ ብቁ የሆኑት ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ተጣራ ቋት ይገባሉ። ግራንድ ጁሪ ሲያስፈልግ እንደገና ዕጣ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ለተራው የችሎት ጁሪም ስም የሚወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ «ግራንድ» ስለተባለ ተጣርቶ፣ ታስቦበት፣ ለከበሬታ የተመረጠ ሰው የለም። እርስዎ ምናልባት መጠይቁን ከወራት በፊት ሞልተው ልከው ረስተውት ይሆናል፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ደግሞ መጠይቁንና መጥሪያውን አንድ ላይ ይልካሉ።

መጥሪያ የደረሰው ሁሉ አይቀመጥም። ከሚፈለገው በላይ ሰው ይጠራል። በቀኑ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰቡና ዳኛ ይመጣል፤ ዳኛውን በደንብ የሚያዩት ያን ቀን ነው። ማገልገል የማይችል ካለ ይጠይቃል። ከሕግ አስከባሪዎች ጋር ዝምድና ያለው፣ በገለልተኝነት መወሰን የሚያስቸግረው ካለ ይጠይቃል። በችሎት ጁሪ ጊዜ ጠበቆች «ይሄኛው ይነሣልን» እያሉ ያለ ምክንያት ሰው የሚያስነሡበት አሠራር እዚህ የለም። ተከሳሽ ገና ስለሌለ ጠበቃ የለማ። የቀሩት ይምላሉ፤ ዳኛው ከመካከላቸው ሰብሳቢና ምክትል ይሰይማል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእነሱ ነው።

ዕጣው እንዲህ ጥብቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1968 በፊት በብዙ ቦታ ጥቂት «ታዋቂ ሰዎች» ይጠሩና የሚያውቋቸውን ይጠቁሙ ነበር። እነሱ የሚያውቁት ደግሞ መሰላቸውን ነው። ቴክሳስ ውስጥ ይህ አሠራር በስቴት ደረጃ ቆይቶ፣ በ1977 ጉዳዩ ካስታኔዳና ፓርቲዳ በሚባለው መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሂዳልጎ በምትባለው ካውንቲ ከነዋሪው 79 በመቶ የሚሆነው የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነበር። በ11 ዓመት ውስጥ ለግራንድ ጁሪ ከተጠሩት ግን የእነሱ ድርሻ 39 በመቶ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ በራሱ አድልዎ መኖሩን ያመለክታል አለ። ቴክሳስ አሠራሩን የተወችው ቆይታ ቆይታ በ2015 ነው። የፌዴራሉ ሕግ ዛሬ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በትውልድ አገር ወይም በኑሮ ደረጃ ማንንም ማስወጣት ይከለክላል። ለእኛ ዓይነቱ መጤ ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነኝ። ሐበሻ ሲከሰስ እንጂ ሐበሻ ሲወስን የታየበት ክፍል ብዙ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ፌዴራል ነው። ስቴቶች የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1884 ግራንድ ጁሪ ለስቴቶች ግዴታ አይደለም ብሏል። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ቢገቡ የየካውንቲውና የየከተማው ዳኞች በየዓመቱ በጁን፣ በጁላይ ወይም በኦገስት ከ60 እስከ 120 የሚሆኑ ሰዎችን ራሳቸው መርጠው መዝገብ ያወጣሉ። ሕጉ እዚያ ሐቀኛ፣ አስተዋይና ጥሩ ጠባይ ያላቸውን ይላል። መደበኛው ጁሪም ከ5 እስከ 7 ሰው ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የካውንቲ አስተዳደርን የሚመረምር ዓመታዊ ግራንድ ጁሪ አላት፤ እዚያ ሰው ራሱ ማመልከት ይችላል። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ጡረታ የወጣችሁ አባቶችና እናቶች ብታስቡበት አይከፋም። የሜሪላንድ የካውንቲ ግራንድ ጁሪ 23 ሰው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የከተማው ፍርድ ቤት ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፤ አምስት ሳምንት ያህል፣ ግን በየሥራ ቀኑ። ስለዚህ የአርሊንግተን ዘመድዎ ወይም የዲሲ ጓደኛዎ የነገረዎት ነገር ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ያለውን የፍርድ ቤት ስም ነው ማየት።

አንድ ዓመት ተኩል የተባለው እውነት ነው። የፌዴራል ግራንድ ጁሪ እስከ 18 ወር ይቀመጣል፤ ፍርድ ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ያስፈልጋል ካለ እስከ 6 ወር ሊጨምር ይችላል። ግን በየቀኑ አይደለም። አንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባል፣ ሌላው በወር ጥቂት ቀን። የእርስዎ ፕሮግራም ምን እንደሚመስል ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለው አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ውሳኔዎ ሁሉ በዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ክፍያው በቀን 50 ዶላር ነው። ከ45 ቀን አገልግሎት በኋላ እስከ 60 ሊያድግ ይችላል። የመንገድም በማይል ይታሰባል። ገንዘቡ ታክስ ይከፈልበታል።

ለተቀጣሪ ሰው ሕጉ ጥሩ ከለላ ይሰጣል። በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ቋሚ ሠራተኛን ያባረረ ወይም ያስፈራራ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ለሜሪላንድ ስቴት ጁሪ ደግሞ አሠሪ የዓመት ፈቃድህን ወይም የሕመም ፈቃድህን ተጠቀም ብሎ ማስገደድ አይችልም። የመንገዱን ጨምሮ አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለፍርድ ቤት ያዋለን ሰውም በዚያው ማታ ከ5 ፒ.ኤም. በኋላ፣ ወይም ለነገው ከ3 ኤ.ኤም. በፊት የሚጀምር ፈረቃ ግባ ሊለው አይችልም። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ በተለይ በነርሲንግ ሆምና በፓርኪንግ ያላችሁ፣ ይህን ያዙት።

ለእርስዎ ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይጠቅምም። ኡበር አሠሪዎ አይደለም፣ የራስዎ ነዎት። መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ገቢ የለም። እዚህ ላይ ሕጉ ያለውን መውጫ በትክክል ይወቁት። ፍርድ ቤት አንድን ሰው ከአገልግሎት የሚያሰናብተው ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ወይም እጅግ የበዛ መጉላላት ሲኖር ነው። ሕጉ ራሱ እንደ ምሳሌ የሚጠቅሰው የመንገድ ርቀት፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ ከባድ ሕመምና ከጁሪው የሚብስ አስቸኳይ ነገር ነው። «ሥራ አለኝ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይሠራም፤ ሁሉም ሥራ አለው። የሚሠራው ማስረጃ ነው። ያለፈው ዓመት የታክስ ወረቀት፣ የሳምንት ገቢዎን የሚያሳይ የመተግበሪያው መግለጫ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው እርስዎ ከሆኑ እሱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ። ቁጥር ያለበት ደብዳቤ እንባ ካለበት ደብዳቤ ይሻላል።

ሌላው መንገድ ማስተላለፍ ነው፤ ቀኑን ወደፊት ማስገፋት። ይህን ማግኘት ከመሰናበት በጣም ይቀላል። ደንበኛ የሚቀዘቅዝበትን ወር እርስዎ ያውቁታል። ሳይጠይቁ ዝም ካሉ ግን የሚያውቅልዎት የለም።

ዕድሜ ያሳስበኛል ለምትሉ፦ በብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከጠየቀ ይሰናበታል። የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ነው። በወረቀት 66፣ በእውነት 73 የሆኑ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው 66ቱን ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት በፌዴራል ጁሪነት ያገለገለም እንዲሁ ይጠይቃል። በመደበኛ ጦር ውስጥ ያለ፣ የከተማ ወይም የስቴት ፖሊስና የእሳት አደጋ ባልደረባ የሆነ ጭራሽ አይጠራም። ካህናትና መነኮሳትን በጥያቄያቸው የሚያሰናብቱ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ መጠይቁ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። «አትፍረዱ ተብሏል፣ ልሂድ ወይ?» የሚል ምእመን ካለ ግን ግራንድ ጁሪ በማንም ላይ አይፈርድም። ይከሰስ፣ አይከሰስ ነው የሚለው።

ብቁ ለመሆን ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በዚያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዛት ውስጥ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል የተከሰሰ ወይም የተፈረደበትና መብቱ ያልተመለሰለት አይሆንም። የትራፊክ ቅጣት ከዚህ አይቆጠርም፤ ያ ቢሆን ኖሮ የእኛ ሾፌር በሙሉ ነጻ በሆነ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጠይቁን በአግባቡ ለመሙላት በሚያስችል ደረጃ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት፤ እንዲሁም መናገር። ለጁሪ አባል የአማርኛ አስተርጓሚ አይመደብም። አክሰንት ግን መመዘኛ አይደለም። ከተሳፋሪ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚያወራ፣ ታክሱን የሚሞላ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ደብዳቤ የሚያነብ ሰው በአብዛኛው ይበቃል። እርስዎም ጥያቄዎን የጻፉበት መንገድ ደብዳቤውን በደንብ እንደተረዱት ያሳያል።

እዚህ ላይ በእኛ ቤት የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። መጠይቅ ሲመጣ የሚሞላው ልጅ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጅ ቁጭ ብላ፣ ባማረ እንግሊዝኛ፣ በአምስት ደቂቃ ጨርሳ አባቷን ታስፈርማለች። ቋንቋው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ላይ «ይችላል» ትላለች፣ አባቷን ላለማሳፈር። ፍርድ ቤቱ ያንን ወረቀት ያነባል፤ ሰውየው ብቁ ነው ብሎ ይመዘግባል። በቀኑ አባት ቀርበው አንድ ምስክር ሲያወራ ግማሹ ያልፋቸዋል። ሕጉ ግን ለዚህ ግልጽ መንገድ አስቀምጧል። ሰው መሙላት ካልቻለ ሌላ ሰው ይሞላለታል፤ ሞላሁለት ብሎ ከነምክንያቱ ይጽፋል። ያ አንድ መስመር ብቻውን ነገሩን ይፈታዋል። በተቃራኒው፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ለመገላገል ብሎ አላውቅም ቢል ሆን ብሎ የሐሰት መረጃ መስጠት ነው፤ ያስቀጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር። ፈርሜ አልተቀበልኩም ማለት አያድንም። ሕጉ መጥሪያ በተራ ፖስታም እንዲላክ ይፈቅዳል። ያልቀረበ ሰው ለምን እንዳልቀረበ እንዲያስረዳ በፍርድ ቤት ይታዘዛል። በቂ ምክንያት ካላቀረበ እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት፣ እስከ 3 ቀን እስራት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ወይም ሁሉም ሊወሰንበት ይችላል። ፍርድ ቤቶች በመጀመሪያው ሰው አያስሩም፤ እንደገና ይጽፋሉ። ግን ገና ዜግነት ያገኘ ሰው በመዝገብ ላይ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላከበረም» የሚል ነገር ምን ያደርግለታል?

ይኸው ፍርሃት ግን ለሌቦች ገበያ ሆኗል። ስልክ ይደወላል። «ጁሪ ቀርተሃል፣ ማሰሪያ ወጥቶብሃል፣ አሁኑኑ በዜል ወይም በጊፍት ካርድ ክፈል» ይባላል። የሸሪፍ ስም ይጠራል፣ የመጥሪያ ቁጥር ይነበባል። ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም አይጠይቅም። ስልኩን ዘግተው ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ወይም የፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ስልክ ራስዎ ይደውሉ። ደዋዩ የሰጠዎትን ቁጥር አይጠቀሙ።

ከተቀመጡ በኋላ ያለው ትልቁ ፈተና ምስጢሩ ነው። የግራንድ ጁሪ አባል የሰማውን ማውጣት አይችልም፤ አውጥቶ ከተገኘ ፍርድ ቤት በመድፈር ይጠየቃል። ለሚስትም፣ ለንስሐ አባትም፣ ለጓደኛም። የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ትንሽ ነው። ፎልስ ቸርች ያለው ካፌ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያውቅ እናውቃለን። ምስክሩ ወይም ተጠርጣሪው የሚያውቁት ሰው ሆኖ ከተገኘ ወዲያውኑ ለሰብሳቢው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ይናገሩና በዚያ ጉዳይ ላይ አይቀመጡ። ምስክሩ በአማርኛ የሚናገር ቢሆን እንኳ ማስረጃው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ የሚለው ነው። ስሕተት ከሰሙ እዚያው ያመልክቱ እንጂ ለጎንዎ ላለው ሰው የራስዎን ትርጉም አይስጡ።

ይህ ሥራ ከንቱ ማኅተም ነው የሚሉ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የኒውዮርክ ዋና ዳኛ የነበሩት ሶል ዋክትለር በ1985 ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ ግራንድ ጁሪው ሳንድዊችን እንኳ እንዲከስ ሊያደርግ ይችላል ብለው ቀልደው ነበር። ዐቃቤ ሕጉ የሚያቀርበው የራሱን ወገን ብቻ ነው፤ ተጠርጣሪውን የሚጠቅም ማስረጃ እንዲያቀርብ የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ይህን ወስኗል። ግን እምቢ የሚሉም አሉ። በ2025 ኦገስት ዲሲ ውስጥ በፌዴራል መኮንን ላይ ሳንድዊች የወረወረን ሰው በከባድ ወንጀል ለመክሰስ ዐቃቤ ሕግ ጠይቆ ግራንድ ጁሪው አልፈቀደም። ሳንድዊች ሆኖ መገጣጠሙ ያስቃል። የሚወስኑት 12 ሰዎች ግን እንደ እርስዎ ዓይነቶቹ ናቸው። ምስክርን መጠየቅም ይችላሉ። ዝም ብሎ እጅ ማውጣት የግድ አይደለም።

የባለቤትዎ ነገር ከእርስዎ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሜሪላንድ የጁሪ ስሞችን ከመራጮች መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከመንጃ ፈቃድና ከመታወቂያ ዝርዝርም ትወስዳለች፤ ለዚህ ነው ግሪን ካርድ ያላት ሰው የደረሳት። በዚህ ላይ ምንም ጥፋት የለም። («ጁሪ እንዳልጠራ ድምፅ ለመስጠት አልመዘገብም» የሚሉ ዜጎችም ይህን ይስሙ። መንጃ ፈቃድ እስካላችሁ ድረስ የመምረጥ መብታችሁን በከንቱ ነው የምትተዉት።) መጠይቁ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» ለሚለው «አይደለሁም» የሚለውን ትሙላ፣ ትፈርም፣ ትመልስ። ይኸው ነው። ቅጂ ግን ታስቀር።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ችግር እንዳይመጣ ብሎ ወይም ሳያነብ «አዎ» የሚል ሰው አለ። ባል ለሚስቱ ሲሞላ በራሱ መልስ ይቀጥላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ መናገር ወይም መፈረም በኢሚግሬሽን ሕግ ከባዱ ነገር ነው፤ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፣ ይቅርታው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ የእሷን መጠይቅ እሷ ራሷ በእጇ ትሙላ፤ እርስዎ ከጎኗ ሆነው ያንብቡላት እንጂ እስክሪብቶውን አይውሰዱ። ሌላም አለ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ስክሪኑ ላይ «መምረጥ ይፈልጋሉ?» የሚለውን ሳያስተውሉ «አዎ» ብለው ያለፉ ግሪን ካርዶች አሉ። በአንዳንድ ስቴቶች «ዜጋ አይደለሁም» ብለው ከጁሪ የወጡ ሰዎች ስም ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። ባለቤትዎ ተመዝግባ እንደሆነ የስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ ስሟን አስገብታ ትይ። ስሟ ካለ፣ መዝገቡን ለማሰረዝም ሆነ ለማንም ለመጻፍ ከመሞከሯ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታናግር። ይህ ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው ነው።

ለእርስዎ የምመክረው ይህን ነው። የደብዳቤውን ሁለት ገጽ ፎቶ ያንሡ። ነገ ጠዋት ደውለው የስብሰባውን ፕሮግራም ይጠይቁ። በሳምንት አንድ ቀን ወይም በወር ጥቂት ቀን ከሆነ ይቀመጡ፤ በዚያን ቀን ማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ማካካስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በመጀመሪያ ማስተላለፍ ይጠይቁ፤ መሰናበት ሁለተኛ ይሁን። ጥያቄውን ከነማስረጃው ከመቅረቢያው ቀን በፊት ይላኩ፤ የጽሑፍ መልስ እስካላገኙ ድረስም ፈቃድ እንዳገኙ አይቁጠሩ። ብዙ ፍርድ ቤቶች በዋዜማው ማታ ለነገው መምጣት አለመምጣትዎን የሚናገር የተቀዳ መልእክት ያስቀምጣሉ። የተሳታፊ ቁጥርዎን ይዘው ከ5 ፒ.ኤም. በኋላ ይደውሉና ያዳምጡ፤ ሳያዳምጡ ግሪንቤልት ድረስ ነድተው በከንቱ የተመለሱ ብዙ ናቸው።